ስለ አምስቱ ሹካዎችና ስለ ባዶው ወንበር

ለመምሪያችን ክቡር ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ ለመጠየቅ እወዳለሁ። ወገብዎ ከስብሰባ ወንበር፣ እጅዎ ከፊርማ ብዛት፣ ጆሮዎም ከአቤቱታ ተጠብቆ እንዲኖር ዘወትር እመኝልዎታለሁ። በተለይ የዓይንዎ ብርሃን እንዳይደክም የምመኘው ከልቤ ነው፤ ለምን ከልቤ እንደሆነ ደብዳቤው ሲያልቅ ይገባዎታል። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ ባይጠይቁም ልማድ ነውና፣ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት ከዚህ በፊት የጻፍኳቸው ሰባት ደብዳቤዎች «ታይቷል» የሚል ሰማያዊ ማኅተም እያረፈባቸው ወደ እኔው ስለተመለሱ ነው። ማኅተሙ ያማረ ነው፤ ክቡ የተስተካከለ፣ ቀለሙም የማይለቅ ነው። ዳሩ ግን ሰባት ጊዜ የታየውን ነገር ማን እንዳየው እስካሁን ስላልተነገረኝ፣ ስምንተኛውን አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያይልኝ ብዬ ነው። ራቅ ብሎ የቆመ ሰውም እንዳይቸገር ጽሕፈቱን ሆን ብዬ አተልቄዋለሁ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው።

ምናልባት ካላወቁኝ፣ እኔ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ፣ ጥቁር መጋረጃ በተንጠለጠለበት ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ የዓይን መመርመሪያውን ፕሮጀክተር ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት እያንቀሳቀስኩ የኖርኩት ሰው ነኝ። ሥራዬ በጨለማ ተቀምጦ ለሰው ብርሃን ማሳየት ነው። ታካሚው ከግድግዳው ስድስት ሜትር ርቆ ይቀመጣል፣ አንድ ዓይኑን በመሸፈኛው ማንኪያ ይጋርዳል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት ያለው ምልክት ይወጣል። ሕዝቡ ሹካ ይለዋል። የሹካው ጣቶች ወዴት እንደዞሩ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን መናገር ብቻ ነው፤ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም። ሹካዎቹ ከመስመር መስመር እያነሱ ይሄዱና የመጨረሻው መስመር ላይ አምስት ጥቃቅን ሹካዎች ይቀራሉ። እነዚያን አምስቱን ያየ ሰው ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ «ንብረትን በአግባቡ ለያዘ ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው ስለሸለሙኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የስሜ ቦታ ባዶ ነጠብጣብ ሆኖ መቅረቱን እንደ ጉድለት አልቆጠርኩትም፤ መስታወቱን ፈትቼ በእርሳስ ሞልቼዋለሁ። እርሳስ የመረጥኩት ምናልባት ለሌላ ሰው ያስፈልግ እንደሆነ ብዬ ነው።

አሁን በትሕትና ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ አምፖሉ። የዚህ ፕሮጀክተር አምፖል ኩሩ ነው። በባዶ ጣት ከነኩት የጣት ወዝ ይቀርበትና ሲግል እዚያችው ቦታ ላይ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ይዤ እንደ አራስ ልጅ ነው የማስተኛው። ሥራ ሲያበቃም አምፖሉ ይጠፋል እንጂ ማራገቢያው አይጠፋም፤ አምስት ደቂቃ ያህል እየነፋ ሊያቀዘቅዘው ይገባል። ክቡርነትዎ ግን ለኃይል ቁጠባ ካለዎት ጽኑ ፍቅር የተነሳ የሕንፃው መብራት ቀን በምሳ ሰዓት ልክ በስድስት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ከዋናው ማብሪያ እንዲጠፋ አዘዙ። ጥበቃውም ሰዓት አክባሪ ነው፤ አንዲት እናት አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው «ወደ ላ…» እያሉ ጭልም ይልባቸዋል። ማራገቢያው ይቆማል፣ የጋለው አምፖል በገዛ ሙቀቱ ይታፈናል። በዚህ ዓይነት በአንድ ዓመት ሦስት አምፖል ቀብረናል። አዲስ ስጠይቅ የተሰጠኝ ቅጽ «አምፖሉ ለምን ተቃጠለ?» የሚል ጥያቄ ነበረበትና «በመመሪያ» ብዬ ሞላሁ፤ «የተሟላ መልስ አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። «ዕድሜው ደርሶ» ብዬ ሳስተካክለው በዚያው ቀን አምፖል ተሰጠኝ። ስለ ትምህርቱ ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ግድግዳው። እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ሕንፃው ቀለም ሲቀባ የእኔም ግድግዳ ከበረከቱ አልቀረም። ነጭና የማያብለጨልጭ መሆን የሚገባው ግድግዳ ቢጫ ዘይት ቀለም ጠጥቶ እንደ አዲስ ሳህን አበራ፤ ታካሚውም ሹካውን ትቶ የአምፖሉን ነጸብራቅ ያይ ጀመር። ቀቢውን ብለምነው «ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን ነው የተባልነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ አጽናናኝ። እንግዶቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ቀለሙ ግን አለ። ስለዚህ ከቤቴ ነጭ አንሶላ አምጥቼ ግድግዳው ላይ ወጠርኩ። አንሶላው ለሁለት ሰው የተገዛ ሰፊ አንሶላ ነበር፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ግማሹ ይበቃኛል ብዬ በመቀስ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ለብሼው አድራለሁ፣ ግማሹ ላይ ሕዝብ ሹካ ያይበታል። የንብረት ክፍል ባልደረቦች መጥተው በዚያኛው ግማሽ ላይ ቁጥር ስለለጠፉበትና የመምሪያው ንብረት ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ጡረታ ስወጣ ግማሽ አንሶላ እንዳልወስድ የሚጠብቀኝ ሰነድ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ስላይዱ። ሹካዎቹ የተሳሉበት የመስታወት ስላይድ አንድ ብቻ ነው። ከፕሮጀክተሩ ጋር ሁለት መጥተው ነበር፤ ሁለተኛው ሌላ ቅደም ተከተል ያለው፣ ታካሚ የመጀመሪያውን ሲለምደው እየቀያየርን እንድንጠቀምበት የተላከ ነው። እሱ ግን ዕቃ ግምጃ ቤት ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቁም ሳጥኑ የሚከፈተው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሲሰበሰብ ነው፤ አንደኛው አባል ጡረታ ወጡ፣ ሁለተኛው ተዛወሩ፣ ሦስተኛው «ብቻዬን ከፍቼ ነገ ስም ሊወጣልኝ ነው? አላደርገውም» ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ስላይድ የታየ ሕዝብ ምን ይሆናል? ይሸመድዳል። የመጨረሻው መስመር ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች ነው። ይህን በከተማው ውስጥ የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የገባ እንግዳ ነው። መተላለፊያው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ምራት አማቷን ታስጠናለች፤ ሾፌር ረዳቱን ያስጠናል፤ ሕፃናት በግቢው ሰሌን የሚያህል መሬት ላይ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ እየዘለሉ ይጫወቱበታል። ማጭበርበራቸውም አይደለም፤ ሰው ፈተና ነው ሲሉት ይፈራል፣ ሲፈራ ያጠናል። መጋረጃውን ገልጠው ገብተው ገና ወንበሩ ሳይሞቅ አምስቱን ያንበለብሉልኛል። እኔም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብኝ፣ ወደ ሌላ መስመር እየዘለልኩ፣ ወደ ኋላ እየጠየቅሁ፣ አንዳንዴም ዝም ብዬ ፊታቸውን እያየሁ እውነተኛውን ለማግኘት ስጥር ኖሬአለሁ። የሚያይ ሰው ሲያነብ አንገቱን አያሰግግም።

አራተኛ፤ ይህኛው የዕቃ ነገር ስላልሆነ ቅጽ አልተዘጋጀለትም፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሰባት ቁጥር ክፍል ውስጥ በፊት ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔ ከፕሮጀክተሩ ኋላ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላቸው ባልደረባዬ ደግሞ ከታካሚው ጎን። በየጠዋቱ በር ሳይከፈት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሌንሱን አጸዳለሁ፤ መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ አራግፌ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እያዞርኩ። ከዚያ አንዳችን ታካሚ እንሆናለን። እኔ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲስተር ቁልፉን ይጫኑና «ወዴት ነው?» ይሉኛል። እመልሳለሁ። ከዚያ ቦታ እንለዋወጣለን፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ያን ጊዜ ሁለቱም ስላይዶች በእጃችን ስለነበሩ ሲስተር የትኛውን እንዳስገቡ አይነግሩኝም፤ እኔም አልነግራቸውም። ሁለተኛው ከተወሰደብንም በኋላ ከመሐል እየዘለሉ፣ ከኋላ እየጀመሩ ያዋክቡኝ ነበር። ሁለታችንም ደህና ካየን «ዛሬም አልታወርንም፣ በር ይከፈት» ይሉ ነበር። ይህን ያሉት ለአሥራ አምስት ዓመታት ነው፤ አንድም ቀን አልሰለቸኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ክቡርነትዎ «አንድ መሣሪያ ለአንድ ሰው» የተሰኘውን ዕቅድ ሲያወጡ ፕሮጀክተሩ ሪሞት እንዳለው ደረሱበትና ሲስተር በኋላኛው ሕንፃ ወዳለው ካርድ ክፍል ተዛወሩ። ወንበራቸው ቁጥር ስላለው ከክፍሉ መውጣት አልቻለም፤ እዚያው ቀርቷል። ሪሞቱ በእውነት ይሠራል፤ ከየትም ሆነው ቢጫኑት ይታዘዛል። «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ እኔው ተቀምጬ፣ እኔው ተጭኜ፣ «ወዴት ነው?» ብዬ እኔው እጠይቅና እኔው እመልሳለሁ። ጥበቃው አንድ ቀን ድምፄን ሰምቶ መጋረጃውን ገለጠና «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው?» አለኝ። «ከማሽኑ ጋር» አልኩት። ጥቂት ቆሞ አየኝና «በሉ ቀጥሉ» ብሎ መጋረጃውን ቀስ አድርጎ መለሰው። ከመቆጣት ይልቅ ያ ቀስ ማለቱ ነው ያሳዘነኝ።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ብቸኝነት ማመልከቻ መጻፍ ወግ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሰዎች የሚነግሩኝ አራት ቃል ብቻ መሆኑን እንዲያውቁልኝ ያህል ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች። ወደ ቤቴ ስገባ ደግሞ እነዚያን አራቱንም የሚለኝ የለም።

አምስተኛ፤ ለሕዝብ የምናዘዘው፣ ለክቡርነትዎም ሰባት ጊዜ የጻፍኩት ጉዳይ ይህ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ራሴን ጠየቅሁ፤ ራሴም አምስቱን ሹካዎች አንድ ሳልስት መለስኩ። መዝገቡ ላይ «ፕሮጀክተሩ ጤነኛ ነው» ብዬ ፈርሜ በር ከፈትኩ። መጀመሪያ የገቡት አንድ ሽማግሌ አናጢ ትልቁን ሹካ ብቻ አይተው ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጠፋባቸው። «ዓይንዎ እጅግ ደክሟል፣ ከእንግዲህ በመጋዝ ባይሠሩ ይሻላል» አልኳቸው። እጃቸውን አገላብጠው አዩና ወጡ። ቀጥሎ የገቡት መምህር እንደዚያው ሆኑ። ከእናቷ ጋር የመጣች ተማሪም እንደዚያው። ለሦስቱም ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስድ ወረቀት ጻፍኩ። በልቤም «ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ቀን ነው፣ የደከመ ዓይን ሁሉ ተሰብስቦ መጣ» እል ነበር።

አራተኛዋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ማንኪያውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ጥቂት አዩና ሳቁ። «ጋሼ፣ እኔ ከመንገድ ማዶ የሰው ቁልፍ ሲጎድል የማይ ሰው ነኝ። ይሄ ጭጋግ ነው እንጂ ሹካ አይደለም። ለእርስዎ ይታይዎታል እንዴ?» አሉኝ።

ሲስተር ከሄዱ ወዲህ ይታይህ እንደሆን ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እኔም «አዎን» ብዬ ዋሸሁ።

ከዚያ ተነስቼ ሌንሱን ብነካው የማስተካከያው ቀለበት ብሎኑ ላልቶ በገዛ ራሱ ዞሯል። ልብስ ሰፊዋ «ትንሽ ይጨምሩ፣ ትንሽ… እዚያ ጋ! አሁን ጠራ» እያሉ እየመሩኝ አጠራሁት። አንድ ሙሉ ዙር ነው ያዞርኩት። እኔ ግን ከመዞሩ በፊትና ከዞረ በኋላ ግድግዳው ላይ ያየሁት አንድ ነገር ነበር። ያንን ጭጋግ ከመቼ ጀምሮ ሹካ ስለው እንደኖርኩ አላውቅም። ጭጋጉ ከሌንሱ ወጥቶ ሲሄድ ከእኔ ጋር የቀረው የእኔ ይሁን፣ የአንሶላው ይሁን፣ የዕድሜ ይሁን አላውቅም። ማሽኑን አምኜ አልነበረም ስፈርም የኖርኩት፤ ትዝታዬን ነው። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም።

መምህሩንና ተማሪዋን መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ደርሼ መለስኳቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ደህና ነው። አናጢውን ግን አላገኘኋቸውም። ሥራ ስንጨርስ እየጠያየቅሁ እስከ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄድኩ። መጋዛቸውን ከምስማሩ አውርደው፣ ዘይት ቀብተው፣ ለወንድማቸው ልጅ ለመስጠት በጨርቅ እየጠቀለሉ ደረስኩባቸው። ጥፋቱ የማሽኑ መሆኑን ነገርኳቸው። «እንዲህ ከሆነስ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ለቅሶ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር» አሉና ጨርቁን ፈቱት። ከእሳቸው ስለይ እንዲህ አድርጎ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ስህተት ነው፣ አንተ ደህና ነህ» የሚለኝ ሰው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ሁሉ በአጭሩ ላስረዳ። አንድ ሰኞ ቸግሮኝ ስላይዱን አወጣሁና ጀርባውን ወደ ፊት አድርጌ አስገባሁት። ግራው ቀኝ፣ መጨረሻው መጀመሪያ ሆነ፤ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ። ሁለተኛ ስላይድ ያለ ኮሚቴ ተገኘ! በዚያ ቀን ከመተላለፊያው የዓይን ጀግኖች ግማሾቹ ማየት እንደማይችሉ ታወቀና መነጽር የሚገባቸው ሰዎች መነጽር አገኙ። ከዚያ ወዲህ አልመለስኩትም። ለራሴ ግን አልጠቀመኝም። የገለበጥኩት እኔው ነኝና እንዴት እንደተገለበጠ አውቃለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ባስገባው ጣቴ የመስታወቱን የተሰነጠቀች ጠርዝ ዳብሶ ያውቀዋል። ሰው ከራሱ ነገር መደበቅ እንዴት ያስቸግራል!

ሲስተርን ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። በምሳ ሰዓት መጡ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እሳቸው ስላይዱን አንስተው ሲያገላብጡ ስድስት ሰዓት ሞላና መብራት ጠፋ። «አይዞህ» አሉኝና መውጫውን በግድግዳ ዳብሰን ወጣን። ከሥራ በኋላም ያው አሥራ አንድ ሰዓት አለ። ጠዋት እንዳይመጡ የካርድ ክፍሉ የመልቀቂያ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ የክቡርነትዎን ፊርማ ይጠይቃል። ጥበቃውን «አንዴ ቁልፉን ተጫንልኝ» ብዬ ብለምነው «ጋሼ፣ በነፍሴ አይጫወቱ» ብሎ ክቡርነትዎ ፕሮጀክተሩ ላይ ያስለጠፉትን «ከተመደበው ሠራተኛ በቀር መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አሳየኝ። ታካሚዎቼን እንዳልጠይቅ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ፈራሁ። ዓይኑ የደከመ ሰው በዓይን መርማሪው ዓይን ካላመነ በማን ያምናል?

ከሰባቱ ደብዳቤዎቼ በአንደኛው ጥግ ላይ በእጅ ጽሑፍዎ «ልምድዎን ይጠቀሙ» የሚል መልስ ማግኘቴን በምስጋና አስታውሳለሁ። ክቡር ሆይ፣ በሽታዬ እኮ ልምዴ ነው። ልምዴ አምስቱን ሹካዎች በጨለማም፣ በጭጋግም፣ ተኝቼም ያያቸዋል። እኔ የማልተማመነው በዓይኔ ነው።

ስለዚህ የምለምነው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ስላይድ ከቁም ሳጥኑ ይውጣልኝ። ሲስተርም በየጠዋቱ ለሩብ ሰዓት ይፈቀዱልኝ፤ መጥተው ስላይዱን ሳያሳዩኝ ያስገቡና «ወዴት ነው?» ይበሉኝ። ካየሁ አያለሁ። ካላየሁም ወንበሩን ለሚያይ ሰው በፈቃዴ እለቃለሁ፤ የሰው መጋዝ ከምስማር እያወረድኩ ደመወዝ መብላት አልፈልግም። ወንበሩን አይደለም የምለምነው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም፤ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ነው የምለምነው።

ውድ ጊዜዎን በዚህ ረጅም ጽሑፍ በመሻማቴ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ሦስቱ አምፖሎች፣ ስለ ቢጫው ቀለም፣ ስለ ግማሹ አንሶላ ቁጥር፣ ስለ ሰባቱ ማኅተሞችና ስሜ ስላልተጻፈበት የምስክር ወረቀት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዳግም አረጋግጣለሁ።

የሰባት ቁጥር ክፍል የፕሮጀክተር ሠራተኛ፣
ንብረትን በአግባቡ የያዘ

ግልባጭ፦
ለካርድ ክፍል፣ ለሲስተር፤ እንዲያውቁት ብቻ ሳይሆን እንዲመጡ።
ለጥበቃ ክፍል፤ ሲስተር በምሳ ሰዓት የመጡ እንደሆነ ያን ዕለት የመብራቱ ሰዓት ትንሽ እንዲዘገይ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ወር ክቡርነትዎ የመንጃ ፈቃድዎን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ ሊያደርጉ ሰባት ቁጥር ክፍልን በእግርዎ ሲረግጡ ታላቅ ክብር ተሰምቶኛል። ቸኩለው ስለነበር ገና ቁልፉን ስጫን የመጨረሻውን መስመር በድፍረትና በሚያምር ድምፅ ቀኝ፣ ላይ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች ብለው አነበቡልኝ። ያን ዕለት ስላይዱ የተገለበጠ ነበር። ከአምስቱ የተገጣጠመልዎት የመሐከለኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ አጋጣሚ። አንገትዎንም አስግገው ነበር።

ውጤቱን እስካሁን አልጻፍኩም፤ ወረቀትዎ መሳቢያዬ ውስጥ ከምስክር ወረቀቴ ሥር ተቀምጧል። በክፋት አይደለም። ጭጋጉ የማሽኑ፣ የእርስዎ ወይስ የእኔ መሆኑን እርግጠኛ ሳልሆን በሰው ዓይን ላይ መፍረድ አንዴ ይበቃኛል ብዬ ነው። ከፈቀዱ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይምጡ፤ መተላለፊያው ገና ሰው የለበትም፣ ወንበሩም ሁለት ነው። መጀመሪያ እርስዎ ይጠይቁኝ፣ ከዚያ እኔ እጠይቅዎታለሁ፤ የተመደበ ሠራተኛ ባይሆኑም መሣሪያውን ቢነኩ ማንም አይከስዎትም። እስከዚያው ግን፣ ስለ መንገደኛው ሁሉ ብዬ እለምንዎታለሁ፣ መኪናውን ሾፌርዎ ይንዳው።